ከደጋ ወደ ቈላ ለሚወርድ መንገደኛ፤ ስለ ልብስ

በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልብስ በተጻፈ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ በዓል ቀሚስ፣ ስለ ጥበብና ስለ ጥልፍ ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ መንገድ ልብስ ነው፤ ይልቁንም በአንድ ቀን ውስጥ ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከሐሩርም መልሶ ወደ ብርድ የሚያልፍ መንገደኛ ምን ለብሶ መውጣት፣ ምንስ ይዞ መሄድ እንደሚገባው ነው። ለዚህ ጕዳይ ከጐንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ኡም ጋርጉር ከሚዘልቀው መንገድ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ድንበሩን መሻገር እንደ ዛሬው ሳይከብድ፣ በጥቅምት ወር በማለዳ በጐንደር የአውቶቡስ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ልጃቸውን ሲሸኙ አየሁ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ቁምጣና ካናቴራ ለብሷል፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምቷል፤ በትከሻው ላይ አንዲት ፎጣ ጥሏል። ወደ መተማ የሚወርደው ሰሊጥ ለማጨድ ነው። እናቲቱ የታጠፈ ጋቢ በሁለት እጃቸው ይዘው ሊሰጡት ይለምኑታል፤ እርሱ ግን እንቢ ይላል።

«እማ፣ ቈላ እኮ ነው የምወርደው። በዚያ ሐሩር ይህን ተሸክሜ ምን ላደርገው ነው?»

«ልጄ፣ ቀኑን ታወልቀዋለህ፤ ሌሊቱን ትለብሰዋለህ። አሁንስ ቢሆን እየተንቀጠቀጥህ አይደለም ወይ?»

በእውነትም ልጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻም ጋቢውን ተቀብሎ በፌስታል ውስጥ ጠቀጠቀው። እናቲቱ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ጌታዬ፣ በዚሁ መኪና የሚወርዱ ከሆነ፣ ይህ ልጅ ጋቢውን እንዳይሸጠው አደራ ይንገሩልኝ» አሉኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልሁ።

ልጁ ያሰበው ስሕተት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቀድሞ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጐንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በጥቅምት ማለዳ ሙቀቷ 12 ዲግሪ ያህል ነው። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቈላ ላይ ትገኛለች፤ የገዳሪፍም ሜዳ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። እንግዲህ ከጐንደር እስከ መተማ ባለው መውረድ ብቻ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዲግሪ ይጨመራል ማለት ነው። በዚህ ላይ የማለዳውና የቀትሩ ልዩነት ሲታከልበት፣ ጧት በ12 ዲግሪ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ከቀትር በኋላ በ35 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከደባርቅ አካባቢ፣ የሚነሣ ሠራተኛ ደግሞ የሚወርደው ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ስለ ሆነ ልዩነቱ ከዚህ ይበልጥበታል።

አውቶቡሱ አዘዞን አልፎ ወደ ጭልጋ ሲያመራ ሁሉም ሰው እንደ ተከናነበ ነበር። አይከል ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ከኋላ ተቈጡት። ከአይከል በኋላ መንገዱ ቍልቍለቱን ሲይዝ ግን ልብስ መውለቅ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ካፖርት፣ ቀጥሎም ሹራብ፣ ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ደግሞ ነጠላው ሁሉ ወደ ጕልበት ወረደ። ገንደ ውኃ ላይ ሰው በወረቀት ያራግብ ነበር። ያ ልጅ ከእኔ ጎን ተቀምጦ፣ «ይኸውልህ ጋሼ» በሚል ዐይን እያየኝ ፈገግ ይላል። ልጁም በሰዓቱ ትክክል ነበረ፤ የተሳሳተው የቀኑን ሰዓት ለቀኑ ሁሉ፣ የጥቅምትን ፀሓይ ለወራቱ ሁሉ በመውሰዱ ነው።

ይህን መንገድ በጽሑፍ ካስታወቁት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በጐንደር ቤተ መንግሥት ከቈየ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1771 ዓ.ም. መጨረሻ ተነሥቶ፣ በዛሬው መተማ አካባቢ በነበረው በራስ አል ፊል በኩል ወርዶ፣ በ1772 ዓ.ም. ከገዳሪፍ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ስናር ደረሰ። የሙቀት መለኪያ መሣሪያም ይዞ ነበር። ነገር ግን የመሣሪያው ቍጥር ብቻውን የሰውን ስሜት የማይናገር ሆኖ ስላገኘው፣ ሙቀትን በልብስና በላብ የሚለካ ሌላ መስፈርት አወጣ፤ ሰውየው የለበሰው ምን ያህል ነው፣ ተቀምጦ ነው ወይስ እየሄደ ነው የሚያልበው፣ ስስ ልብስ ብቻ ለብሶ ዝም ብሎ ተቀምጦስ ያልበዋል ወይ፣ እያለ ደረጃ በደረጃ ሞት እስከሚያቀርበው ሐሩር ድረስ ከፋፈለው። በዚሁ መጽሐፉ በስናር ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ያለው አየር እንደ ቅዝቃዜ የሚቈጠር መሆኑን፣ ሞቀ የሚባለውም ከ33 ዲግሪ ጀምሮ መሆኑን ጻፈ። እርሱ የቈጠረው በፋራናይት ነበር፤ እኛ ወደ ሴንቲግሬድ መልሰነዋል። በጐንደር 26 ዲግሪ በሆነ ቀን ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ስናር ላይ በዚያው ቍጥር ልብስ ይደረባል። ስለዚህ ሰውን የሚበርደው ወይም የሚሞቀው በቍጥሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከለመደው አየር ምን ያህል እንደ ራቀም ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ልብሱ እንመለስ። አማርኛ ስለ አለባበስ ሲናገር አንድ ቃል ብቻ አይበቃውም፤ ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ አንባቢ ይህን ቢያስተውል ይጠቅመዋል። ሽርጥ ይገለደማል፤ መቀነት ይታጠቃል፤ ነጠላ ይጣፋል፤ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ ብርድ ሲጠና ጋቢውን እስከ ራስ ይከናነቡታል። ከሁሉም ለመንገደኛ የሚያስፈልገው ግን «መደረብ» የሚለው ቃል ነው። መደረብ ማለት በልብስ ላይ ልብስ መጨመር ነው፤ የተደረበውም ሲፈለግ ይወልቃል። አንድ ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ ወይ ይሞቀዋል፣ ወይ ራቁቱን ይቀራል። ሦስት ስስ ልብስ የደረበ ሰው ግን በአራት ዐይነት አየር ውስጥ መሄድ ይችላል። በመርከብ ወደ ዋልታ ባሕሮች የሚጓዙ አገር ጐብኚዎች እንኳ የሚመከሩት ይህንኑ ነው፤ ከሥጋ ጋር የሚገናኝ ስስ የሱፍ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ካፖርት። እነርሱም ከሞቀው የመርከብ ክፍል ወጥተው በረዶ ወደሚነፍስበት ሰገነት፣ ከዚያም ወደ ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመላለሱ ችግራቸው ከመተማ መንገደኛ ጋር አንድ ነው።

ሙቀት የሚሰጠው ጨርቁ ብቻውን አይደለም፤ በክሩና በድርቡ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው። ጋቢ የሚሞቀውም ስለዚህ ነው። ነጠላ ስሙ እንደሚናገረው ስስ ነው፤ ጋቢ ግን አራት ድርብ ሆኖ ስለሚሰፋ በየድርቡ መካከል አየር ይይዛል። ደግሞም ጋቢ ብዙ አገልግሎት ያለው ልብስ ነው፤ ሲነጠፍ ምንጣፍ፣ ሲጠቀለል ትራስ፣ ሲለበስ ብርድ ልብስ፣ በእንጨት ላይ ሲዘረጋ ጥላ ይሆናል። አንድ ጕድለት ግን አለበት። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፤ የረጠበ ጋቢ ይከብዳል፣ በውስጡ የነበረውም አየር በውኃ ስለሚተካ ማሞቁ ቀርቶ ከሰውነት ሙቀት ይሰርቃል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። ሱፍ በዚህ ይበልጣል፤ ቢረጥብም ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅም። የመንዝ ሰዎች በርኖስና ዝተት ከበግ ጠጕር የሚሠሩት፣ በብርዳማ አገር ያሉ እረኞችና የቆሎ ተማሪዎችም የበግ ደበሎ የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በርኖስ ይዞ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርድ ሰው ግን አላየሁም፤ ክብደቱ አያስኬድም። ስለዚህ በክረምት ለአረም ሥራ የሚወርድ ሰው ጋቢውን በላስቲክ መጠቅለል አለበት። በሥራ ላይ ሳለ ዝናብ ቢመታው ካናቴራው ይርጠብ፤ ማታ የሚለብሰው ደረቅ ጋቢ ካለው አይጎዳም።

ለመንግሥት ሥራ ወደ ቈላ የሚላክ ሹምም የራሱ ችግር አለው። ከደጋ ከተማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራባቱን አጥብቆ ይነሣል፤ ወደ ጉምሩኩ በር ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ፊቱ ቀልቶ ይገኛል። ክብር በክራባት አለመሆኑን ለማወቅ አንድ የሚያዝያ ቀን በመተማ መዋል ይበቃል። ሰፊ እጅጌ ያለው ነጭ የጥጥ ሸሚዝና ያልጠበቀ ሱሪ ለብሶ፣ ኮቱን በእጁ ቢይዝ ይሻለዋል። ኮቱንም አይተወው፤ ማታ ይፈልገዋል።

ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት በዶካ በኩል እስከ ገዳሪፍ፣ የሰዉ ልብስ ይለወጣል። ወንዶቹ ሰፊና ረዥም ጀለብያ ይለብሳሉ፤ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ይጠመጥማሉ። ሴቶቹ ከአራት ሜትር የሚበልጥ ቶብ ከራስ እስከ እግር ይጠቀለላሉ። ለደጋ ሰው ይህ ሁሉ ጨርቅ በሐሩር ውስጥ እንግዳ ነገር ይመስለዋል፤ ሐሩር ሲመጣ የሚያውቀው ማውለቅን ነውና። ነገር ግን ፀሓይ በቀጥታ ያላረፈበት ቈዳ በፀሓይ ከሚቃጠል ቈዳ ይሻላል፤ በሰፊ ልብስ ውስጥም አየር ከታች ገብቶ በአንገት በኩል ይወጣል፤ ላቡንም እያደረቀ ያበርዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የበዳዊ ዐረቦችን ጥቍር ቀሚስ ከነጭ ቀሚስ ጋር አስተያይቶ ነበር። ጥቍሩ ጨርቅ ከነጩ ይበልጥ ቢግልም ወደ ሰውየው ገላ የደረሰው ሙቀት እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ትርፉን ሙቀት በልብሱ ውስጥ የሚመላለሰው አየር ይዞት ይሄዳልና። ስለዚህ ለቈላ ልብስ ሲመረጥ ከቀለሙ ይልቅ ስፋቱን መመልከት ይገባል። ጠባብ ካናቴራና ቁምጣ ለሥራ ቢቀልሉም ክንድንና ባትን ለፀሓይ አሳልፈው ይሰጣሉ።

ሰውነትም ራሱ ከዐሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ሐሩርን ይለምዳል፤ ፈጥኖ ማላብ ይጀምራል፣ በላቡም የሚያጠፋው ጨው ይቀንሳል። አዲስ የወረደ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ነባሩ እሠራለሁ ሲል የሚወድቀው ስለዚህ ነው። ይህ ልማድ ግን ወደ ደጋ ተመልሶ ጥቂት ሳምንት ለተቀመጠ ሰው ይጠፋል፤ በሚመጣው ዓመትም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌሊቱ ነው። በመተማና በሑመራ ቈላ፣ እንዲሁም በገዳሪፍ፣ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ እጅግ የሚያንስ፣ ድምፅ የሌለው የአሸዋ ዝንብ ነው። ቀን በመረሬው መሬት ስንጥቅና በኩይሳ ቀዳዳ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። በአገሩ «ሳሉግ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ቀን ሲሠሩ ውለው ደክመው፣ ነፋስ ለማግኘት ሲሉ በግራር ሥር ካናቴራቸውን አውልቀው ይተኛሉ፤ በግራር ሥር ማደርም ለበሽታው እንደሚያጋልጥ በጥናት ታውቋል። የደጋ ልጅ ደግሞ በሽታውን የመቋቋም ልምድ ሰውነቱ የለውም። ትኵሳቱ ሳምንታትን እየቈጠረ ይሄዳል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ያልታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ጋቢ ብቻውን መድኀኒት ነው አንልም፤ በመድኀኒት የተነከረ አጎበር ይበልጣል፣ ከግራርና ከኩይሳ ርቆ መተኛትም ያስፈልጋል። ይሁንና አጎበር በሌለበት ዳስ ውስጥ እጅጌው ረዥም ሸሚዝ ለብሶ፣ እግሩን በጋቢ ሸፍኖ የተኛ ሰው ራቁቱን ካደረው ይልቅ ገላውን ሰውሯል። ነገሩ የቈላ ብቻ እንዳይመስለን በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣውን የካላዛር ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል፤ በሽታውን ከቈላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል።

ወደ ኡም ጋርጉር የደረስሁት በጥር ነው። ይህ ሰፈር በገዳሪፍ ግዛት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ከኤርትራ ለተሰደዱ ሰዎች የተቋቋመ ነው፤ ብዙዎቹ በዚያው ወልደው፣ በዚያው የልጅ ልጅ አይተዋል። በገዳሪፍ በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ሌሊት ግን ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። 17 ዲግሪ ለጐንደር ሰው ደስ የሚል አየር ነው። እኔም ሹራቤን ሳልለብስ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ያሳደሩኝ ሽማግሌ ግን በጀለብያቸው ላይ አሮጌ ጋቢ ደርበው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እሳት ዳር ተቀምጠው ሻይ ይጠብቁ ነበር። በወጣትነታቸው ከደጋ የመጡ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ከኖሩበት ቈላ በኋላ የለጋነታቸውን ብርድ ሰውነታቸው ረስቶታል፤ ጋቢውን ግን አልተዉትም። የብሩስ መለኪያ ትዝ አለኝ። ሰሜናዊው ነፋስ ሲነሣ እኔም ተመልሼ ሹራቤን አመጣሁ።

በዚህ ሜዳ ላይ ልብስ የምርጫ ነገር ያልሆነባቸው ጊዜያትም ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ወንዝ ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገቡ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት በቀር ምንም አልያዙም፤ ወደ ኡም ራኩባ የተወሰዱትም የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት በዚያው ልብስ አሳለፉት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሌሎቹን በተቃራኒው መንገድ፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ አመጣቸው። ከእነርሱ መካከል ወደ ጐንደርና ወደ አዲስ አበባ የወጡት በጀለብያና በቶብ የሐምሌን ብርድ አገኙት። ደጋውን ሰው ሐሩሩ እንደሚያስደነግጠው ሁሉ እነዚህንም ጭጋጉ አስደንግጧቸዋል።

የዚያን ልጅ ነገር ሳልጨርስ ማለፍ አይገባኝም። ገንደ ውኃ ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ አሮጌ ልብስ የሚገዛ ነጋዴ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር አይቶ ጠጋ አለ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» አለኝ። የእናቱን ቃል ደገምሁለት፤ ስለ ሌሊቱና ስለ አሸዋ ዝንቡም የማውቀውን ነገርሁት። ሣቀ። ጋቢውን በብብቱ ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ገበያው ገባ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገው አላየሁም።

ከኡም ጋርጉር ስመለስ አይከል ላይ መሽቶብን ቆምን። አንድ የጭነት መኪና ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ በላዩ ላይ ሥራ ጨርሰው የሚመለሱ ሳሉጎች ተጭነዋል። ሲነሡ ቈላ ነበሩና አብዛኞቹ በካናቴራ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሰሊጥ የተጫነበትን ጆንያ ሥሩን ቀደው በራሳቸው አጥልቀውታል። ያን ልጅ ከመካከላቸው ፈለግሁት፤ አልነበረም። በመኪናው ጥግ ግን ሦስት ልጆች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ራሳቸው ብቻ ይታይ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲነሣ፣ ከሦስቱ አንዱ እጁን አውጥቶ የጋቢውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰበሰበ።